ስም ያወጣሁለት መንገድ

አንዲት የእንግሊዝኛ ሐረግ አለች፤ ከሃያ ዓመት በላይ ስትከነክነኝ የኖረች። «ላቨርስ ሌን» ትባላለች። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ፣ ፍቅረኞች ብቻቸውን ለመሆን የሚሄዱባት ጭር ያለች መንገድ ወይም ቦታ ናት ይላችኋል። አለቀ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልጋት አትመስልም። እኔ ግን ትርጉሟ በትክክል የገባኝ መዝገበ ቃላት ላይ ሳይሆን ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጣርማበርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ነው። እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ሸዋ ሮቢትን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በመስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ማንጎና ፓፓያ የያዙ እጆች ወደ መስኮቱ ይዘረጋሉ። (በዜና የምታውቋት ደግሞ በማረሚያ ቤቷ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ጣርማበር ላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሰናብታችሁ ስትወርዱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምራችኋል። 1300 ሜትር ገደማ ነው ከፍታዋ። የይፋት ቆላ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላችኋል፣ በላብ።

እኛ የዚያ ሙቀት ልጆች ነን። ሌላ አገር ፍቅረኛ ጨለማ ይፈልጋል አሉ። እኛ ጋ የሚፈለገው ጥላ ነው።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነን። አንድ ጓደኛችን ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከየት እንዳመጣው እንጃ ይዞ መጣና «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ሐረጓን አሳየን። «ላቨርስ» ገባን፤ እድሜያችን ነው። ያስቸገረን «ሌን» ነው። የሲድኒ ኦሎምፒክን ካየን ገና ዓመቱ ነበር፤ «ሌን» ስንባል የሚታየን የሩጫ መም ላይ የተሰመረው ነጭ መስመር ነው። እናም አንዱ በሙሉ ልብ «ፍቅረኞች የሚወዳደሩበት ነዋ!» አለ። ከዚያ ማን አንደኛ ወጣ፣ ማን በሌን ጥሰት ተባረረ እያልን ሳምንቱን ሙሉ ሳቅንበት።

በመጨረሻ ቲቸርን ጠየቅን። እሱም ሰሌዳው ላይ ሁለት ትይዩ መስመር አሰመረ፤ በግራና በቀኝ ዛፍ የሚመስል ነገር ሳለ፤ «ጠባብ መንገድ ማለት ነው፣ ፍቅረኞች የሚሄዱባት» አለና ቶሎ አጠፋው። ሲያጠፋው ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያቺን መንገድ አውቃታለሁ!

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ወርዳችሁ ወደ እርሻው ስትሄዱ የመስኖ ቦይ አለ። በአንድ በኩል ማንጎ ነው፤ በሌላው ሽንኩርት። ቦዩን ተከትላ የምትሄድ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ፣ ሁለት ሰው ከሄደባት ትከሻ ለትከሻ የምታስነካ ቀጭን መንገድ አለች። መጨረሻዋ ላይ የውኃ መሳቢያው ሞተር የሚቀመጥበት ትንሽ የብሎኬት ቤት አለ። ስም አልነበራትም። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ «በቦዩ በኩል» ይላል፤ በቃ።

ስም ባይኖራትም ሥራ ግን ነበራት። ገበሬው ውኃ ለመቀየስ ይመላለስባታል። ሴቶቹ ምሳ ቋጥረው እርሻ ላይ ላለ ባል፣ አባትና ወንድም ያደርሱባታል። ተማሪው ደብተር ይዞ ማንጎ ሥር ያጠናባታል። እና አዎ… ከተማሪው መሐል የደብተሩን ገጽ ለአንድ ሰዓት ሳይገልጥ የሚያጠና ነበር። ጎኑ ያለችውም እንደዚያው። የሚያልፈው ሰው «አጥኑ፣ አጥኑ ልጆቼ!» ብሎ ያልፋል። ማየቱን ያውቃል፤ ያላየ መሆኑንም ያውቃል።

እኔም አንድ የክፍሌ ልጅ ጋር ሦስት ጊዜ አጥንቼባታለሁ። ስሟን አልነግራችሁም። ባዮሎጂ ነበር። እስከ ዛሬ ስለ ሴል ግድግዳ የማውቀው የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ከሰሌዳ ሥር ጠመኔ አነሳሁ። ብቻዬን በቦዩ ሄድኩ። የሞተር ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልልቁ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ «ላቨርስ ሌን»። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከላይ የምትንጠለጠለዋን ጭረት እንኳ አልረሳሁም። ከክፍሉ ያቺን ጭረት በቦታዋ የማስቀምጥ እኔ ብቻ ነበርኩና ኮራሁባት። ለምን ጻፍክ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው። እንድታነበው ነው።

አነበበችው። ከተማውም አነበበው።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ስንት ሰው አለ ብዬ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ማንበቡ እንደሚበቃ አልገባኝም። በሳምንቱ ከብት የሚጠብቁት ሕፃናት ሳይቀሩ «ላበርስሌን! ላበርስሌን!» እያሉ ተማሪ ባለፈ ቁጥር ይጮኹ ጀመር። «በቦዩ በኩል» የነበረችው መንገድ ስም አወጣች። ማንጎ ሥር የሚያጠናው ወንድ ጀግና ሆነ። የምታጠናዋ ሴት ግን… እናንተው ጨርሱት። ከወር በኋላ እዚያ የሚያጠና ሰው አልነበረም። ዝናቡ ጠመኔውን አጠበው፤ ስሙ ግን አልታጠበም። እኔም ወደ ሌላ ቀልድ ተሻገርኩ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አላጠናችም፤ ሌላ ሰው ወዳለች ብዬ ሁለት ሳምንት አዘንኩ።

* * *

ከዓመታት በኋላ ስድስት ኪሎ ገባሁ። ግቢው በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። እዚያ ውስጥ ተማሪ ሁሉ «ኪሲንግ ፑል» የሚላት የውኃ ገንዳ አለች። የመሳሳሚያ ገንዳ እንደማለት ነው። ይቺን ስም ስሰማ ልቤ ደነገጠ፤ የአገሬ ልጅ ያገኘሁ መሰለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ያየሁት ሃንድአውት የሚቀባበሉ፣ ስለ ግሬድ የሚነታረኩና ካፌ እስኪከፈት የሚጠብቁ ተማሪዎችን ነው። ቢሳሳሙስ ኖሮ እንዲያ ትባል ነበር? እኔ እንጃ። መሳሳም እውነት የሆነበት ቦታ በእንግሊዝኛ አይጠራም፤ ጨርሶም አይጠራ።

እስቲ አስቡት። አማርኛችን ለፍቅረኞች መደበቂያ ስም የለውም። ጥግ እንላለን፣ ስርቻ እንላለን፣ ጭር ያለ ቦታ እንላለን። አንዳቸውም ፍቅርን አያነሱም፤ ሌባንም፣ ጅብንም፣ ፍቅረኛንም እኩል ያስተናግዳሉ። ይሄ ማለት ግን አያቶቻችን አይፋቀሩም ነበር ማለት አይደለም። ልጅቷ እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች፤ እንስራው ቶሎ አይሞላም። ልጁ የጠፋች ጥጃ ይፈልጋል፤ ጥጃዋ ምንጊዜም የምትጠፋው ወደ ወንዙ ነው። እንጨት ለቀማ አለ። ገበያ አለ፤ በእኛ አካባቢ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሰንበቴ የእሁድ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አርጎባውን ስታገናኝ ጨውና በርበሬ ብቻ አይደለም የሚገበያየው። ጥምቀት አለ፤ በሕዝብ ፊት፣ በታቦት ፊት፣ ሎሚ ደረት ላይ ይወረወራል። እስቲ ከዚህ በላይ አደባባይ የወጣ ፍቅር የት አለ?

ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሁሉ ቦታዎች ሌላ ስም አላቸው። ውኃ መቅጃ፣ እንጨት መልቀሚያ፣ ገበያ፣ በዓል። ፍቅረኞቹን የሚደብቃቸው ዛፉ አይደለም፤ ሰበቡ ነው። እንግሊዝኛው «ላቨርስ ሌን» ሲል እኛ «ሰበብ» እንላለን። ቦታ አይደለም፤ ግን የሚሠራው ሥራ ያው ነው። ሰበቡ ደግሞ ለፍቅረኞቹ ብቻ አይደለም። ለሚያልፈውም ሰው ነው፤ ሳያፍር ባላየ እንዲያልፍ። «አጥኑ ልጆቼ!» እንዲል።

የእንግሊዝኛዋም መንገድ ብትሆን አመጣጧ ከዚህ አይርቅም። «ሌን» ማለት ገጠር ውስጥ በአጥርና በቁጥቋጦ መሐል የምታልፍ ቀጭን መንገድ ናት፤ ከብት ይነዳባታል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባባታል። በኋላ አሜሪካኖች መኪና ሲያበዙ ነገሩ መንኮራኩር አወጣ። ከከተማ ወጣ ያለ ኮረብታ ላይ መኪና አቁሞ ሞተር ማጥፋት «ፓርኪንግ» ይባል ጀመር። (አዲስ አበባ ላይ ፓርኪንግ ማለት ኩፖን የያዘ ልጅ መስኮት ሲያንኳኳ ነው፤ ፍቅር የለበትም።) ጭር ያለ ቦታ ግን እዚያም ጭር ያለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቴክሳርካና በምትባል ከተማ መኪና ውስጥ የተቀመጡ ጥንዶችን በሌሊት እያደነ የሚያጠቃ ሰው ተነስቶ አምስት ሰው ሞተ፤ እስከ ዛሬ ገዳዩ በፍርድ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በካሊፎርኒያ ራሱን «ዞዲያክ» ያለው ነፍሰ ገዳይ የጀመረው እንዲህ ባለ ቦታ ከቆሙ ሁለት ታዳጊዎች ነው። ስም የወጣለት መደበቂያ፣ ለሚፈልግህ ሰው አድራሻ ነው።

* * *

አሁን ወደ አውቶቡሱ።

2003 ዓ.ም. ነው። ከላምበረት ተነስተናል። ወንበሬን ፈልጌ ስቀመጥ አጠገቤ እሷ! ለዓመታት በአካል አላየኋትም ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች፤ ለእረፍት ወደ ቤት እየሄደች ነው። ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን እያለፍን ስለዚህ ስለዚያ አወራን። ማን አገባ፣ ማን ዓረብ አገር ሄደ፣ ማን ሞተ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለመና ሁላችንም ዝም አልን። ስንወጣ ያ ገደል፣ ያ ጉም ከፊታችን ተዘረጋ፤ እሷም መስኮቱን እያየች፣

«የሞተር ቤቱን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው አውቃለሁ» አለችኝ።

«የቱን ጽሑፍ?» አልኩ። ውሸታም ነኝ።

«ያቺን ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት ከክፍላችን በቦታዋ የምታስቀምጥ አንተ ብቻ ነበርክ።»

ሳቅሁ። እሷም ፈገግ አለች። የድሮ ፍቅር ሊነሳ ነው ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። እሷ ግን ቀጠለች።

«መንገዱ እኮ የእኔ ነበር።»

«እንዴት ያንቺ?»

«ለአባቴ ምሳ የማደርስበት። በየቀኑ። በቦዩ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ያውም በማንጎ ጥላ። አንተ ከጻፍክ በኋላ እናቴ ‹ስም በወጣለት መንገድ አትሂጂ› አለችኝ። በአስፋልቱ ዞርኩ። አርባ ደቂቃ። በዚያ ፀሐይ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና እስክንጨርስ ድረስ።»

ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው። እዚያው ወንበር ላይ ላሰላው ሞከርኩ፤ ምሳ ለማድረስ አርባ፣ ለመመለስ አርባ። እኔ እኮ በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አስፋልቱ ላይ ሳህን በመሀረብ ቋጥራ፣ ነጠላዋን ከፀሐይ ጋርዳ ስትሄድ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። አንድም ቀን ለምን በዚህ ትሄዳለች ብዬ አልጠየቅሁም። ሌላ ሰው ወዳለች ብዬ ስለተቀየምኩ፣ ባላየ ነበር የማልፈው። ባላየ ማለፍ የሚያስፈልግበትንና የማያስፈልግበትን አላውቅም ነበር።

«እናትሽ በጣም አክርረውት ነው» አልኳት።

«አላከረረችም» አለች። «እሷን ያስፈራት ወሬው ብቻ አይደለም።»

ነገሩን አብራርታ አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አያስፈልጋትም። በዚያ ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባ ቅጣት አያገኘውም ነበር። ፈቃዷ እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ እያንዳንዷ እናት ታውቃለች፤ ሽማግሌ ይላካል፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይባላል፣ ልጅቷ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ ፈቃድ ይሆናል። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ እሱም የጸናው በ1997 ነው። ዛሬ ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል፤ ማግባቱም አያድነውም። የጋብቻ ዕድሜም በሕግ 18 ነው። በ1994 ግን አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ብቻዋን በምትሄድባት መንገድ ላይ «እዚህ ፍቅረኞች ይገኛሉ» ብሎ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለእኔ ግጥም ነበር። ለእናቷ ማስታወቂያ ነበር። «እዚያ መንገድ ላይ ምን ትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ፣ ከምሳው ሳህን ይልቅ የእኔን ጠመኔ ምስክር አድርጎ እንደሚቀርብ ገብቷቸዋል።

አማርኛ ስም ማውጣት ይላል፤ ስም ማጥፋትም ይላል። የእኔ ጠመኔ ሁለቱንም በአንድ መስመር ሠራቻቸው።

አርማንያን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ። «ይቅርታ» አልኳት። እሷም ከቦርሳዋ ደብረ ሲና ላይ የገዛችውን ቆሎ አውጥታ ሰጠችኝና «ብላ እንግዲህ» አለችኝ። እንደገባኝ ከሆነ ይቅር ብላኛለች። እንዳልገባኝ ከሆነ ደግሞ ርቦኝ የነበረ መስሏት ነው።

* * *

ከዚያ በኋላ ነው «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» የሚባለውን የካናዳዊቷን የሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪን ልብ ወለድ ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመ ነው። አን የምትባለው ወላጅ አልባ ልጅ በአሳዳጊዎቿ እርሻ ላይ ላለች መንገድ ስም ታወጣለች። ምን ብላ? «ላቨርስ ሌን»! ለምን? ከጓደኛዋ ጋር በሚያነቡት መጽሐፍ ውስጥ ስላገኙት። ፍቅረኛ የሚባል አንድም ሰው አይሄድባትም። ላሞች ወደ ግጦሽ የሚነዱባት፣ በክረምት እንጨት የሚጓዝባት መንገድ ናት። አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ከመጽሐፍ ስም ማውጣት፣ ያውም ላሞች በሚሄዱባት መንገድ ላይ… ይህቺ ልጅ እኔ ናት እኮ!

አይደለችም። አን ስም ያወጣችው እሷው በምትሄድባት መንገድ ላይ ነው። እኔ በሌላ ሰው መንገድ ላይ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶች ቦታ አላችሁ፤ ቢያንስ ከእኛ ይሻላል። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ወዳጅነት ፓርክ ተከፍቷል፣ እንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። ፎቶ ለመነሳት ነው ብሎ መሄድ ይቻላል፤ ፎቶ የዘመኑ እንስራ ነው፣ ቶሎ አይሞላም። ኬክ ቤት አለ። ቤተ መጻሕፍት አለ። ስልክ ደግሞ ቦታውን ሁሉ ኪስ ውስጥ ከቶታል፤ ጭር ያለውም፣ የሚጮኸውም እዚያው ነው። ጠመኔውም ግን አብሮ ገብቷል። አንድ ፎቶ፣ አንድ የድምፅ መልእክት ግሩፕ ላይ መለጠፍ የሞተር ቤት ግድግዳ ላይ እንደመጻፍ ነው፤ ይሄኛውን ደግሞ ዝናብ አያጥበውም። በዚያ ምክንያት በአስፋልት የምትዞር ልጅ አሁንም አለች። እናንተ አጠገብ ልትሆን ትችላለች። ለምን በዚህ ትሄጂያለሽ ብላችሁ ጠይቋት።

ወደ አገሬ ስሄድ አሁንም በቦዩ በኩል እሄዳለሁ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ «ጭር ያለ ቦታ» የሚለው ቃል ለእኛ ሰው ሌላ ትርጉም ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው መንገዷን መልሼ ያየኋት። ማንጎው አርጅቷል። ሞተር ቤቱ በሩ የለም። ግድግዳው ላይ የምርጫ ምልክትና የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የእኔ ጽሑፍ ምልክቱ እንኳ የለም። ከፊቴ የሚመጣ አንድ ልጅ «ይቺ መንገድ ማን ትባላለች?» አልኩት። ደንቆኝ የለ እንደሆነ ሊያጣራ አየኝና «ስም የላትም» አለኝ። ደስ አለኝ።

ትንሽ እንደሄድኩ ማንጎው ሥር ሁለት ተማሪዎች አየሁ። ኮቴዬን ሲሰሙ ተፈናጥረው ተራራቁ፤ እሷ ደብተሯን ገለጠች፣ እሱ ተገልብጦ የያዘውን መጽሐፍ አቀና። አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ አውቄያለሁ።

«አጥኑ ልጆቼ» አልኩና ወደ ሽንኩርቱ ዞሬ አለፍኩ። ሽንኩርቱ ደህና ይዟል።

ቤት ስገባ እናቴ «በየት በኩል መጣህ?» አለችኝ።

«በቦዩ በኩል።»

«ሰው አገኘህ?»

«ኧረ ማንንም።»